ከእንቁላሉ እስከ በሬው

በአገራችን ትንሽ ትልቁ የሚያውቀው አንድ ተረት አለ። አንድ ልጅ ከጎረቤት ቤት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣላታል፤ እናቲቱም «ከየት አመጣኸው?» ብላ በመጠየቅና በመቅጣት ፈንታ ዝም ብላ ተቀብላ ትቀቅለዋለች። ልጁ ከእንቁላሉ ወደ ዶሮው፣ ከዶሮው ወደ በጉ፣ ከበጉም ወደ በሬው እየተሸጋገረ ያድግና በመጨረሻው ተይዞ ስቅላት ይፈረድበታል፤ በገመዱ ሥር በቆመ ጊዜም እናቱን አስጠርቶ፣ «በእንቁላሉ ጊዜ ቀጥተሽኝ ቢሆን ኖሮ በበሬው ባልተሰቀልሁ ነበር» አላት ይባላል። ተረቱ አጭር ነው። በእንቁላሉና በገመዱ መካከል ያለውን ረጅም ዘመን፣ ልጁ እያንዳንዷን ሌሊት እንዴት እንዳደረና ለኅሊናው ምን እየነገረ እንዳስተኛው፣ ተራኪው በአንድ ትንፋሽ ዘልሎት ያልፋል፤ ለምክር የሚፈለገው መነሻውና መድረሻው ነው እንጂ መንገዱ አይደለምና።

የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለዚያ ስለ ተዘለለው መንገድ ነው። በአሜሪካ አገር ወንጀልን በሲኒማና በቴሌቪዥን የመተረክ ሙያ ከተስፋፋ ወዲህ ብዙው ዘመን ያለፈው፣ እንደ ተረታችን፣ እንቁላሉንና ገመዱን ብቻ በማሳየት ነበር፤ በመካከላቸው ያለውን ደረጃ አንድ በአንድ እያስቆጠረ፣ ተመልካቹንም ከባለታሪኩ ጋር እጁን ይዞ እያስወረደ የሚሄድ ድራማ የተገኘው በቅርቡ ነው። የዚህ ሙያ ፍጻሜ ሆኖ የሚታየኝ ከ2008 እስከ 2013 በ62 ክፍሎች የቀረበው «ብሬኪንግ ባድ» ሲሆን፣ እርሱም ያለ አባት አልተወለደምና አስቀድሞ የትውልድ ሐረጉን መቁጠር ይገባል። ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1931 እና በ1932 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች «ሊትል ሲዛር»፣ «ዘ ፐብሊክ ኤነሚ»ና «ስካርፌስ» የተባሉ ሦስት ፊልሞች ታይተው ነበር። ሦስቱም ከዝቅተኛ ኑሮ የተነሣ ሰው በጠመንጃ ኃይል ባለጸጋ ሲሆን ካሳዩ በኋላ በመጨረሻው ገድለውት ያበቃሉ። ጊዜው የሥራ አጥነትና የችጋር ዘመን ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ከወንበዴው አሟሟት ይልቅ ልብሱንና መኪናውን እያየ እንዳይመሰጥ የሃይማኖት ሰዎች ሠጉ። አስቀድሞም በ1930 ዳንኤል ሎርድ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና ማርቲን ኲግሊ የተባለ ካቶሊካዊ አሳታሚ ያረቀቁት የሥነ ምግባር ደንብ በፊልም ኩባንያዎቹ ዘንድ ጸድቆ ነበርና፣ ከ1934 ጀምሮ በጆሴፍ ብሪን ሹምነት በጥብቅ ይፈጸም ጀመር። የደንቡም ዋና ሐሳብ የተመልካቹ ርኅራኄ ከቶ ወደ ወንጀልና ወደ ኃጢአት ወገን እንዳያዘነብል መጠበቅ ነው። «ስካርፌስ» ገና ያ ጥብቅ ዘመን ሳይደርስ በመርማሪዎች እጅ ብዙ ስለ ተፈተነ፣ «የአገር ነውር» የሚል ትርጉም ያለው ተቀጽላ ስም ተጨመረለት፤ ወንበዴው በጥይት ከመውደቅ ይልቅ በፍርድ ተሰቅሎ የሚሞትበት ሌላ መጨረሻም ተቀረጸለት። ገመዱ የግድ መታየት ነበረበት።

እኔ ይህን ደንብ ለመንቀፍ አልቸኩልም። ያረቀቁት ሰዎች የፈሩት የኛም አባቶች የፈሩትን ነው፤ ክፋት ደስ በሚያሰኝ ልብስ ተሸፍኖ ሲመጣ የሰው ልብ ሳይታወቀው ይከተለዋልና። ነገር ግን ደንቡ የሚጠብቀውን ሲጠብቅ አንድ ትልቅ ትምህርት አሳጣ፤ ሰው በምን ደረጃ እንደሚወርድ ሳያሳዩ መውደቁን ብቻ ማሳየት፣ የበሽታውን አጀማመር ሳይናገሩ ሬሳውን ብቻ አሳይቶ «ተጠንቀቁ» እንደ ማለት ነው። ሬሳ ያየ ሰው ይደነግጣል እንጂ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ የጀመረውን ትኩሳት አያውቅበትም።

ቴሌቪዥን ወደየቤቱ በገባ ጊዜም ነገሩ አልተለወጠም። የአሜሪካ ብሮድካስተሮች ማኅበር በ1952 የራሱን የቴሌቪዥን ደንብ በሥራ ላይ አዋለ፤ ይህም ደንብ እስከ 1983 ጸንቶ ኖረ። በዚያው ዘመን የታወቀው «ድራግኔት» የተባለው የፖሊስ ድራማ በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ወንጀለኛው የት ፍርድ ቤት ቀርቦ ስንት ዓመት እንደ ተፈረደበት እያስነገረ ይዘጋ ነበር። ከደንቡም ይበልጥ ባለታሪኩን አስሮ የያዘው የንግዱ ጠባይ ነው፤ ለሥርጭቱ ገንዘብ የሚከፍለው ዕቃውን የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ስለ ሆነ፣ ነጋዴውም ዕቃው ከሚጠላ ሰው ስም ጋር እንዲነሣ ስለማይወድ፣ ጣቢያዎቹም አንዱን ክፍል በፈለጉት ሳምንት ከፈለጉት ክፍል በኋላ መድገም ስለሚሹ፣ መርማሪው ዛሬም ነገም ያው ሰው ሆኖ መገኘት ነበረበት። የማይለወጥ ሰው ደግሞ አይወድቅም፤ አይነሣምም።

ይህ ሰንሰለት በሁለት ነገር ተበጠሰ። የመጀመሪያው በ1981 የተጀመረው «ሂል ስትሪት ብሉዝ» የአንዱን ሳምንት ነገር ወደሚቀጥለው ሳምንት እያሻገረ፣ የፖሊሶቹንም ድካምና ጉድለት ሳይሸሽግ መተረኩ ነው። ሁለተኛው የገንዘቡ ምንጭ መለወጥ ነው። በ1972 የተቋቋመው ኤች.ቢ.ኦ. የሚተዳደረው ተመልካቹ ራሱ በየወሩ በሚከፍለው ገንዘብ ስለ ነበረ ነጋዴውን የሚያስከፋበት ምክንያት አልነበረውም። በዚህ ጣቢያ ላይ በጥር ወር 1999 ዴቪድ ቼዝ የፈጠረው «ዘ ሶፕራኖስ» ታየ። ባለታሪኩ ቶኒ ሶፕራኖ የኒው ጀርሲ የማፊያ አለቃ ሲሆን፣ ልቡ ሲጨነቅ ወደ ሐኪም ሄዶ የሚያለቅስ፣ ልጆቹን የሚወድድ፣ በመዋኛው ገንዳ ያረፉ ዳክዬዎች ጥለውት ቢሄዱ የሚያዝን ሰው ነው። በአምስተኛው ክፍል ቶኒ ሴት ልጁን ኮሌጅ ለማስመረጥ ወደ ሜይን ግዛት ይዟት ይሄድና፣ ቀድሞ ከድቶ ለመንግሥት የመሰከረ ሰው በመንገድ ላይ ያያል፤ ልጁን ለቃለ መጠይቅ አድርሶ፣ ያን ሰው በገዛ እጁ አንቆ ገድሎ፣ ተመልሶ ልጁን ይወስዳታል። የጣቢያው አለቆች ተመልካቹ ከዚህ በኋላ ይጠላዋል ብለው ፈርተው ነበር፤ ደራሲው ግን የማፊያ አለቃ ከዳተኛውን አይቶ ቢተወው ታሪኩ ሁሉ ሐሰት ይሆናል ብሎ ጸና። ተመልካቹም አልጠላውም፤ እንዲያውም አብሮት ኖረ። ያ ምሽት ለሙያው ታላቅ ነው፤ ለኅሊናችን ግን የሚያስፈራ ምሽት ነበር።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ2002 ሾን ራየን የፈጠረው «ዘ ሺልድ» በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ቪክ ማኪ የተባለውን የሎስ አንጀለስ መርማሪ የሥራ ባልደረባውን በጥይት ሲመታ አሳየ፤ በ2008ም ሲፈጽም እስር ቤት ሳያስገባው፣ ወዳጅና ቤተሰብ አሳጥቶ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ በጠረጴዛ ፊት ብቻውን አስቀምጦት ሄደ። ሆኖም ቶኒም ሆነ ቪክ ከእኛ ጋር የተዋወቁት ከወደቁ በኋላ ነው። ቶኒ በ86 ክፍሎች ውስጥ አንድም ቀን ንጹሕ ሆኖ አላየነውም። እንቁላሉ የተሰረቀው ተራኪው ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት ነበር።

ቪንስ ጊሊጋን የተባለው ደራሲ ለብዙ ዓመታት «ዘ ኤክስ ፋይልስ» በተባለው ድራማ ሲሠራ ቆይቶ፣ ድራማው በ2002 ካበቃ በኋላ ሥራ ባነሰው ጊዜ፣ ከጽሕፈት ባልደረባው ከቶማስ ሽናውዝ ጋር በስልክ ሲጨዋወት፣ ቤት በሚሆን ትልቅ መኪና ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ እየሠሩ መዞር ስለሚል ቀልድ ተነሣ። ጊሊጋን ቀልዱን ይዞ አደረ። በልቡ የነበረው ሐሳብ በቴሌቪዥን ያልተሞከረ ነገር ነው፤ በጄምስ ሂልተን የ1934 ልብ ወለድ ውስጥ ያለውን ደግ እንግሊዛዊ መምህር ሚስተር ቺፕስን ወስዶ፣ በብዙ ክፍሎች እያሻገረ ወደ «ስካርፌስ» መለወጥ። ልዩ ልዩ ጣቢያዎች ሐሳቡን ሳይቀበሉ ከቀሩ በኋላ፣ ቀድሞ አሮጌ ፊልሞችን በማሳየት የሚታወቀው ኤ.ኤም.ሲ. ተቀበለው። ለዋናው ቦታ የመረጠው ብራያን ክራንስተን ግን ከ2000 እስከ 2006 በአስቂኝ ድራማ ውስጥ ተላላ አባት ሆኖ በመታወቁ አለቆቹ ተጠራጠሩ፤ ጊሊጋንም ክራንስተን በ1998 እርሱ በጻፈው አንድ የ«ኤክስ ፋይልስ» ክፍል ውስጥ የሚያስጠላም የሚያሳዝንም ሰው ሆኖ የሠራበትን አሳይቶ አሳመናቸው። ሊያሳምናቸው የሚገባው ነገርም ይኸው ነበር፤ ተመልካቹ እየተጸየፈ ሊያዝንለት የሚችል ፊት።

በጥር 20 ቀን 2008 የመጀመሪያው ክፍል ሲታይ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአልበከርኪ ከተማ የሚኖር ዋልተር ኋይት የተባለ የ50 ዓመት የኬሚስትሪ መምህር እናገኛለን። ሚስቱ ስካይለር ነፍሰ ጡር ናት፤ ወንድ ልጁ በምርኩዝ የሚሄድ አካለ ጉዳተኛ ነው፤ ደመወዙ ስለማይበቃ ከትምህርት ቤት በኋላ በላቫጆ ይሠራል። ክራንስተን ትከሻውን ወደ ፊት አጉብጦ፣ ለዓይን የማይሞላ ቀጭን ጺም አሳድጎ፣ ደማቅ ቀለም የሌለው ልብስ ለብሶ፣ ሕይወት የተጫነችው ሰው መስሎ ቀረበ። በላቫጆው ውስጥ ጎንበስ ብሎ የመኪና ጎማ ሲወለውል፣ የመኪናው ባለቤት ጠዋት በክፍል ውስጥ የተቆጣው ተማሪ ሆኖ ይገኛል፤ የተማሪውም ወዳጅ የመምህሩን ውርደት በስልኳ ፎቶግራፍ ታነሣለች። ይህን ያየ ሰው ማን ነው የማያዝንለት? ጥቂት ቆይቶ ዋልተር የማይድን የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ይነገረዋል።

አሁን እንቁላሉ ይመጣል። ዋልተር የቀድሞ ተማሪውን ጄሲ ፒንክማንን፣ ዕፅ ሠርቶ የሚሸጥ ጎልማሳ ሆኖ ቢያገኘው፣ ከእርሱ ጋር ሊሠራ ይዋዋልና ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ብርጭቆዎችንና ዕቃዎችን ደብቆ ያወጣል። በብዙ ሞትና እሳት መካከል ይህ ስርቆት ተረስቶ የሚቀር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ደራሲዎቹ ግን አልረሱትም። ከጥቂት ክፍሎች በኋላ የዕቃው መጉደል ሲመረመር፣ ጥርጣሬው በትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ላይ ይወድቃል፤ ዋልተር በሕክምናው መድኃኒት ታምሞ ሲያስመልሰው በርኅራኄ ያጸዳለት ያው ሰው ነው። ቤቱ ሲፈተሽ ሌላ ዕፅ ይገኝበትና ከሥራው ይባረራል። ዋልተር ዝም አለ። የመምህሩን እንቁላል ዕዳ አስቀድሞ የከፈለው በትምህርት ቤቱ ካሉት ሁሉ ድሃው ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ኃጢአትን በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ከፍለው ያስተምራሉ፤ በሐሳብ ትፀነሳለች፣ በንግግር ትገለጣለች፣ በሥራ ትፈጸማለች። በዋልተር ታሪክ ውስጥ ገቢሩ አስቀድሞ ታይቶ ኀልዮው በኋላ ይገለጣል። በአምስተኛው ክፍል፣ በወጣትነቱ ከእርሱ ጋር ኩባንያ መሥርቶ በኋላ እጅግ የከበረው ወዳጁ ኤሊየት የሕክምናውን ገንዘብ እከፍልልሃለሁ ይለዋል። ዋልተር የኩባንያውን ድርሻ በ5,000 ዶላር ሸጦ የወጣ ሰው ነው፤ ቁስሉ አልዳነም። እምቢ አለ። ለሚስቱ ግን ገንዘቡን የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው ብሎ ዋሸ። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ «ለቤተሰቤ ስል ነው» የሚለው ምክንያቱ መሠረት አጣ፤ ቤተሰቡን የሚያድነው ገንዘብ ያለ ደም ቀርቦለት ነበርና። ሥሩ ድህነት አልነበረም፤ ትዕቢትና ውዳሴ ከንቱ ነበር እንጂ።

የመጀመሪያውን የሰው ነፍስ በዕቅድ ያጠፋበት ሦስተኛው ክፍል በሙያው ታሪክ ውስጥ ብቻውን ሊጠና ይገባዋል። ሊገድላቸው የመጣ አንድ ዕፅ ነጋዴ በጄሲ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ አንገቱ በብስክሌት ቁልፍ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ይገኛል። ዋልተር ምግብ በሳህን ያወርድለታል። ወረቀት ይዞ ቁጭ ብሎ በአንድ ወገን የማይገድልበትን፣ በሌላው ወገን የሚገድልበትን ምክንያት ይጽፋል። እንደ ገና ሲወርድ ሳል ይዞት ይወድቅና ሳህኑ ይሰበራል። ሲነቃ ስለ በሽታው ለእስረኛው ይነግረዋል፤ ቢራ እየጠጡ ይጨዋወታሉ፤ ዋልተር ለልጁ የሕፃን አልጋ የገዛው ከዚህ ሰው አባት የዕቃ መሸጫ ቤት ሆኖ ይገኛል። ሊፈታው ይቈርጥና ቁልፉን ሊያመጣ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በቆሻሻው ውስጥ የተጣሉትን የሳህን ስባሪዎች አውጥቶ፣ እንደ ሕፃን ጨዋታ እያገጣጠመ በጠረጴዛው ላይ ይደረድራቸዋል። አንድ ረጅምና ሹል ስባሪ ጎደለ። ዋልተር ስባሪው በማን እጅ እንዳለ ገባው፤ አለቀሰም፤ ወርዶም፣ ይቅርታ እየለመነ፣ ሰውየውን በዚያው ብረት አንቆ ገደለው። በአሮጌው ፊልም ቢሆን ይህ ሁሉ በአንድ ተኩስ ያልቅ ነበር፤ እዚህ ግን አንዲት ጎዶሎ ሳህን የሰውን ኅሊና በሚዛን ላይ አስቀምጣ ስታሳየን እንውላለን። እኛም ከዋልተር ጋር ስባሪዎቹን እያገጣጠምን «ምን ምርጫ አለው?» ማለት ጀመርን።

በሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ፣ በ2009፣ ለልጆቹ ትምህርትና ለቤቱ ዕዳ የሚያስፈልገውን አስልቶ 737,000 ዶላር ይበቃኛል ይላል። ይህች ቁጥር በታሪኩ ሁሉ ያለፈች የመጨረሻዋ ድንበር ናት፤ ከዚያ ወዲያ «ይበቃል» የሚል ቃል ከአፉ እውነተኛ ሆኖ አልወጣም። በዚያው ምዕራፍ መገባደጃ ላይ፣ የጄሲን የገንዘብ ድርሻ ካልሰጠኸው እገልጥሃለሁ ብላ ያስፈራራችው የጄሲ ወዳጅ ጄን፣ በዕፅ ደክማ ተኝታ ሳለች ትውከት ሲያንቃት ዋልተር ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ያያል። እጁን ይዘረጋል፤ ይመልሰዋል። ደራሲዎቹ በመጀመሪያው ዕቅዳቸው ዋልተር በእጁ ሊያደርሰው ያሰቡት ክፋት ከዚህ የባሰ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ገና እዚያ ደረጃ አልደረሰም ተባለና ባለማድረግ የሚሠራ ኃጢአት ተሰጠው። ክራንስተን በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ ይህን ሲሠራ በሟቿ ፊት ፈንታ የገዛ ሴት ልጁ ፊት እንደ ታየው ተርኳል። የደረጃው ጥበብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሙያተኞቹ ባለታሪኩ ዛሬ ሊያደርገው የሚችለውን ክፋት ከነገው ክፋት ለይተው፣ እንደ ፋርማሲ ሚዛን እየመዘኑ ይሰጡት ነበር። የጄን አባት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ስለ ነበረ፣ በኀዘኑ ፈዝዞ ሥራውን ሲሠራ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጩ፤ 167 ሰዎች ሞቱ። እጁን ያልዘረጋው ሰው ከሰማይ የሚወርደውን ስብርባሪ ከገዛ ቤቱ ጓሮ ቆሞ አየ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ቁልቁለትም ሯጩን ያፈጥናልና እኔም እንዲሁ ፈጥኜ አልፈዋለሁ። በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ራሱን ለማዳን ጄሲን ልኮ ምንም ያልበደለውን የላቦራቶሪ ባልደረባ አስገደለ። በአራተኛው የአንድ ሕፃን ልጅ በመርዛማ አበባ መታመም የእርሱ ሥራ ሆኖ ተገኘ። በአምስተኛው ምዕራፍ በልዩ ልዩ እስር ቤቶች የነበሩ 10 ሰዎችን በ2 ደቂቃ ውስጥ አስገድሎ፣ ሰዓቱን እያየ በመስኮት አጠገብ ቆመ። በዚያው ክፍል ሚስቱ ወደ አንድ የዕቃ ማከማቻ ወሰደችው፤ በመካከሉ እንደ አልጋ የተከመረ ገንዘብ አለ፤ ስንት እንደ ሆነ ብትጠየቅ ቆጥራ መጨረስ እንዳቃታት ነገረችው። 737,000 ብሎ የጀመረ ሰው ቁጥሩ የጠፋበት ክምር ፊት ቆመ። ገንዘቡ በኋላ በበርሜል ሆኖ በበረሃ ሲቀበር 80 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጄሲ በተቃራኒው መንገድ ሲሄድ ማየት ያስደንቃል። ሥራው ወንጀል የነበረው ልጅ ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ እንቅልፍ ያጣል፣ ገንዘቡን በመንገድ ይበትናል፣ ለሕፃናት ያለቅሳል፤ የተከበረው መምህር ግን እያንዳንዱን ሞት በምክንያት እየገነዘ ይቀብራል። ጊሊጋን በመጀመሪያው ሐሳቡ ጄሲን በመጀመሪያው ምዕራፍ ሊገድለው ነበር፤ የተዋናዩን የአሮን ፖልን ችሎታ አይቶ በሕይወት አቆየው። ጄሲ ባይኖር የዋልተርን ጥልቀት የምንለካበት ገመድ ባልነበረን ነበር።

የታሪኩ አንድ ክፍል ግን የተፈጸመው በስክሪኑ ላይ ሳይሆን በየሳሎኑ ነው። ድራማው ሲጀምር ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው ያየው ሲሆን፣ በመስከረም 29 ቀን 2013 ሲፈጸም 10.3 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። ከዚህ ሕዝብ ብዙው የጠላው ዋልተርን አልነበረም፤ ሚስቱን ስካይለርን ነበር፤ ባሏን ስለ ጠየቀችው፣ ስለ ተጠራጠረችው፣ መንገዱን ስለ ዘጋችበት። እርሷን ሆና የሠራችው አና ገን ጥላቻው ከባለታሪኳ አልፎ ወደ ራሷ ስለ ደረሰባት፣ በነሐሴ 2013 በ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ላይ ጽሑፍ አወጣች። በ1930 ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች የፈሩት ነገር፣ የተመልካች ርኅራኄ ወደ ኃጢአት ወገን ማዘንበሉ፣ በዓይናችን ፊት ተፈጸመ። እኔም ከዚህ ሕዝብ ራሴን አልለይም፤ ዋልተር ከወጥመድ ሲያመልጥ እፎይ ብያለሁ፤ ያመለጠውም በማን ሞት እንደ ሆነ ያሰብሁት ዘግይቼ ነው።

በመጨረሻው ክፍል ዋልተር ተሰውሮ ወደ ሚስቱ ይመጣል። «ለቤተሰቤ» የሚለውን ቃል ሊደግም ነው ብላ ስትቆጣ፣ ያደረገውን ሁሉ ለራሱ ደስታ እንዳደረገ፣ ሥራውን እንደ ወደደውና እንደ ቻለበት፣ ሕያው የሆነ ይመስለው እንደ ነበር ይናዘዝላታል። ከ62 ክፍሎች በኋላ የተነገረች አንዲት እውነት ናት። በተአምረ ማርያም የሚነገረውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ የምናውቅ ሰዎች እዚህ ላይ ልባችን ይንቀሳቀሳል፤ 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለአንድ ድውይ በሰጣት ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ አዘንብሎ ድኗልና። ለዋልተርስ ይህች ቃል ጥርኝ ውኃ ትሆነው ይሆን? እንደ ሥራው ካየነው ኑዛዜ አለ፣ ንስሐ ግን የለም። በደሉን ተናገረ እንጂ አልጠላውም፤ የሞተውም በላቦራቶሪ ውስጥ፣ የብረቱን ዕቃ እንደ ልጅ ራስ እየዳበሰ፣ ፈገግ ብሎ ነው። በደም የተነከረው እጁ በዕቃው ላይ ምልክት ትቶ ተንሸራተተ።

የሚገርመው፣ ያጎደሉትን የንስሐ ነገር ያው ሙያተኞች በኋላ መልሰው መጻፋቸው ነው። ጊሊጋንና ፒተር ጉልድ የፈጠሩት «ቤተር ኮል ሶል» ከ2015 እስከ 2022 በ63 ክፍሎች የዋልተርን ጠበቃ ታሪክ ተረከ። ያ ጠበቃ በመጨረሻው በብልጠቱ ቅጣቱን ወደ 7 ዓመት አስወርዶ ሳለ፣ በፍርድ ቤት ቆሞ ጥፋቱን ሁሉ በእውነት ስለ ተናገረ 86 ዓመት ተፈረደበት። ከሰባቱ ዓመት ሰማንያ ስድስቱን የመረጠ ሰው በዚህ የውድቀት ሐረግ ውስጥ ከእርሱ በፊት አላውቅም። በ1932 ሰውየውን ወደ ገመድ የሚወስደው ደንብ ነበር፤ በ2022 ግን ሰውየው በገዛ እግሩ ሄደ።

ወደ ተረታችን ልመለስ። ድሮ ስንሰማው ተረቱ ስለ ሌባው ልጅ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን የመጨረሻው ቃል የተነገረው ለእናቲቱ ነው። ልጁን የምትወድድ፣ ቤቷም የጎደለ፣ እንቁላሉን ስታየው ከየት እንደ መጣ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ያሰበች እርሷ ናት። ይህ የሲኒማና የቴሌቪዥን ጥበብ ሰባ ዓመት ከሚበልጥ ልምምድ በኋላ የደረሰበት ነገር ቢኖር፣ ያን የተዘለለውን መንገድ በሙሉ ሲያሳየን እኛን በእናቲቱ ቦታ ማስቀመጡ ነው። ከላቦራቶሪው የወጡትን ብርጭቆዎች አየናቸው፤ የጽዳት ሠራተኛውን ስንብት አየን፤ የጎደለችውን የሳህን ስባሪ ከእርሱ ጋር ፈለግን፤ ስላዘንንለትም ዝም አልን። ማዘናችን አልነበረም ጥፋቱ። ያዘነ ሰው ግን የሚወድደውን «ከየት አመጣኸው?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄውም ገና እንቁላሉ በእጁ ሳለ መሆን አለበት።